ለውዝ ስንል

የካቲት ፳፩

በሰባት ዓመቴ እናቴን ቀበርሁ፤ በሰው ፊት አላለቀስሁም። ፊደል የቆጠርሁት በአርጩሜ ነው፤ የቀኝ እጄ ሲያብጥ በግራዬ ጻፍሁ። ድርቅ በገባበት ዓመት የተቀቀለ ቅጠል በላሁ፤ ጨው አነሰው አላልሁም። ወባ ሁለት ጊዜ ጣለችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነሥቼ ክፍል ገብቼ አስተማርሁ። ከማስተማሩ በኋላ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ ዓይኔ በፊደል ደከመ፤ መነጽር አደረግሁ እንጂ አላማረርሁም። ሚስቴ ስትሞት ልጄ ባሕር ማዶ ነበር፤ ብቻዬን ቀበርኋት፣ ብቻዬን ተቀመጥሁ።

ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ዛሬ ምራቴ በማዕድ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ስለ ለጠፈች ነው። «ለውዝ ወደዚህ ቤት አይግባ!!!» ይላል። ቃለ አጋኖው ሦስት ነው። አንዱ ይበቃ ነበር።

ልጄ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከውጭ ከተመለሰና እኔ ዘንድ ከገባ ገና ወር አልሞላውም። እርሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ቤት ሽቦ ሲስብ ይውላል። እርሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚያው ባዕድ አገር ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማታውቅ «ቁንጫ» እላታለሁ። እርሷ «አንተ» ትለኛለች። ሲያሳድጓት «እርስዎ» የሚለውን ቃል ጉምሩክ ላይ ጥለውት የሄዱ ይመስለኛል። እርማት ጀምሬአለሁ።

ቁንጫ ለውዝ ከቀመሰች ሰውነቷ ይቆጣል፣ ትንፋሿም ሊዘጋ ይችላል ይላሉ። በዘሬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት ፳፫

ታናሽ እህቴ መጣች። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ቆማ አነበበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው? የኛ ልጆች አፈር ልሰው አይደል እንዴ ያደጉት?»

«ዘመን ያመጣው ነው» አልኋት።

«ዘመን? ቅምጥልነት በለው እንጂ!»

ምራቴ ከውስጥ ሰምታለች። «አክስቴ፣ አፈሩንማ ይስጧት፣ ግድ የለም። እኔ የከለከልኩት ለውዙን ነው» አለች። እህቴ እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ መልሱ ግን መጥፎ አልነበረም።

ለጥንቃቄ ይህን ላኑር። ለውዝ ማለት በቅዱስ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው በዛፍ ላይ የሚያፈራ፣ ከቅጠሉ በፊት አበባውን የሚያወጣ፣ ቅርፊተ ደረቅ ፍሬ ነው። ከአፈር ውስጥ የሚነቀለው ኦቾሎኒ ነው። ሕዝቡ ሁለቱን ያምታታል። በማዘጋጀው መዝገበ ቃላት ውስጥ «ኦቾሎኒን ለውዝ ማለት ስሕተት ነው» ብዬ ከጻፍሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ለምራቴ ይህን አልነገርኋትም። አልጠየቀችኝም።

የካቲት ፳፰

የሰፈራችን የሕፃናት ክሊኒክ ሐኪም ወደ ቤት መጣች። ተማሪዬ ነበረች፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን የምትበላ። ምግብ ለሰዎች የማይስማማበት ሁኔታ ከአገር አገር እንዴት እንደሚለያይ የምትገልጽ ትንሽ መጽሐፍ ጽፋለች፤ ለእናቶች በነፃ ልትታደል ነው።

«መምህር፣ እርስዎ ካላዩት አይታተምም ብያለሁ። ሲያስተምሩን ነጠላ ሰረዝ የሳተ ሰው ይቀጡ አልነበር? እስካሁን እፈራዎታለሁ።»

ጥፍሯን አሁንም ትበላለች። ሥራውን ተቀበልሁ። ማታ ጀመርሁትና «አለርጂ» የሚለውን ሁሉ ሰርዤ «የሰውነት ቁጣ» አልሁት። ስልክ ደውዬ ነገርኋት።

«መምህር፣ እናቶቹ እኮ አለርጂ ነው የሚሉት።»

«እናቶቹም ይታረማሉ።»

መጋቢት ፪

ንባቡ ያስደስታል፤ ደካማ አማርኛ ነው፣ ነገሩ ግን ያስደስታል። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ሆድ ያለው ይመስለኝ ነበር። በፈረንሳይ ሰናፍጭ የሚያስቆጣቸው ልጆች አሉ። በጃፓን ደግሞ ኑድል የሚሠሩበት አንድ እህል ነው የሚጥላቸው። በእስያ ጠረፍ ከተሞች የባሕር ሸርጣንና ዘመዶቹ ናቸው። ሲንጋፖር ውስጥ ወፍ በምራቋ የሠራችው ጎጆ ተቀቅሎ ይበላል፤ እርሱም የሚያሳምማቸው ልጆች ተገኝተዋል።

ቁንጫ በጉልበቴ ላይ ተንጠልጥላ ታዳምጥ ነበር።

«አያቴ፣ የወፍ ጎጆ ይበላል እንዴ?»

«እነርሱ ይበሉታል።»

«ወፏስ የት ታድራለች?»

«ወፏ አይባልም፣ ወፊቱ ቢባል ይሻላል» ብዬ ያልታመመ ዓረፍተ ነገር አረምሁ። ምን ነካኝ?

መጋቢት ፭

ዛሬ የደረስሁበት ገጽ አሳቤን አጸናልኝ። በአንድ አገር ሕፃናት ጥርስ ሳያወጡ ኦቾሎኒ ይቀምሳሉ፤ ሕመሙ ጥቂት ነው። የእነዚያው ሰዎች ዘመዶች በሌላ አገር ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውን ከኦቾሎኒ ያርቃሉ፤ ሕመሙ ወደ ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ደማቸው አንድ ነው። እንግዲህ ነገሩ ልማድ ነው ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ ያልሁት ይህንኑ ነው፤ ያልለመደ ሆድ ያኮርፋል።

ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ስለ እኛ አገር የተጠናው እጅግ ጥቂት ነው። የሌለ ነገር አይጠናም።

በገጹ ግርጌ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሕመሙ ያለበትን ልጅ በቤት ውስጥ «ላስለምድ» ማለት ለሞት ያደርሳል ይላል። «ያደርሳል» በሁለት ሳ ተጽፎ ነበር፤ አስተካከልሁት። ማስጠንቀቂያው ለእነዚያ አገሮች የተጻፈ ነው።

ከእርማቱ አንድ ላንሣ። ሐኪሟ ኦቾሎኒን በየቦታው «ለውዝ» ትላለች፤ እውነተኛውን ለውዝ ደግሞ «አልመንድ»። ያስተማርኋት ልጅ! የመጀመሪያውን ሁሉ ኦቾሎኒ፣ ሁለተኛውን ሁሉ ለውዝ አደረግሁ። ቀይ እርሳሴ አለቀ።

መጋቢት ፰

ከማዕዘኑ ያለው አዟሪ ይጮኻል። «ለውዝ! ትኩስ ለውዝ!» ቆምሁ።

«ኦቾሎኒ ነው የሚባለው» አልሁት።

«አባባ፣ ሠላሳ ዓመት ለውዝ ብዬ ሸጬ ልጅ ድሬበታለሁ። ኦቾሎኒ ብዬ ብጮህ ሚስቴ ራሷ አታውቀኝም።»

በአጠገቡ የቆሙት ሳቁ። በወረቀት የተጠቀለለ ጥቂት ገዛሁና በካፖርቴ ኪስ አኖርሁ። የበሩ ወረቀት «ወደዚህ ቤት አይግባ» ይላል። ኪስ ቤት አይደለም።

መጋቢት ፲፩

ምራቴ ከራት በኋላ አስቀመጠችኝ። ከበሩ ኋላ የተንጠለጠለችውን ቀይ ቦርሳ አወረደችና ቁንጫ ለውዝ ብትቀምስ የምትወጋውን መርፌ አሳየችኝ።

«አባባ፣ ካበጠች ወይ ካሳላት፣ እኔን አይጠብቁ። ክዳኑን ይነቅላሉ፣ ይሄኛውን ጫፍ ጭኗ ላይ ከጎን። ልብሷን ማውለቅ አያስፈልግም። ይጫኑታል፣ ይይዙታል። ከዚያ ወዲያው ሐኪም ቤት።»

«ሰምቻለሁ» አልኋት።

«አንዴ ያሳዩኝ፣ በባዶው መለማመጃ።»

«ልጄ ሆይ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም።»

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እርሷ ቦርሳውን መልሳ ሰቀለችው። ሁልጊዜ ካፖርቴን የምሰቅልበት ማንጠልጠያ ነበር፤ አሁን እኔና ቦርሳው እንጋራዋለን።

መጋቢት ፲፬

ሐኪም ቤት። ኮሪደር። እርሳስ ከዘበኛው ተዋስሁ።

ቁንጫ ትተነፍሳለች።

እናቷ ደርሳለች። አላየችኝም፤ ወይም አይታ አለፈችኝ።

መርፌውን የወጋኋት እኔው ነኝ። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ለክትትል ያሳድሯታል አሉ። ወደ ቤት ይሂዱ አሉኝ። አልሄድሁም።

መጋቢት ፲፭

እንደ ሆነው በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት እናቷ ገበያ ሄደች፤ ልጄ ሥራ ላይ ነበር። ቁንጫ አንድ ሙሉ ገጽ ሳትሳሳት አነበበችልኝ። ከንባቡ በኋላም «እርስዎ ጥሩ አስተማሪ ነዎት» አለችኝ፤ እኔን ለማስደሰት በራሷ ያዘጋጀችው ነበር። ሽልማት ይገባታል አልሁ። ካፖርቴን ከማንጠልጠያው አወረድሁ።

«አያቴ፣ ይሄ ለውዝ አይደል?»

«ኦቾሎኒ ነው።»

«እማዬ ግን ለውዝ ብላለች።»

«ለውዝ የሚበቅለው ዛፍ ላይ ነው። እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለችና አፏን ከፈተች።

የሰጠኋት ግማሽ ፍሬ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ በላሁት።

መጀመሪያ ምላሷን አከከች። ከዚያ ከንፈሯ አበጠ፤ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። «ሆዴን» አለች። ሳል ጀመራት፤ ከሳሉ ኋላ የሚመጣው ድምፅ እንደ ተጣበበ ዋሽንት ነበር። እኔ ቆሜ እመለከታት ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆምሁ አላውቅም። በእጇ ወደ በሩ አመለከተች። የተናገረችው አንድ ቃል ነው፤ «ቀይዋ»።

ካፖርቴን ሳወርድ ቦርሳውም ወድቆ በካፖርቱ ተጠቅልሎ ነበር። ክዳኑን ነቀልሁ፤ ጭኗ ላይ ከጎን ጫንሁ፤ ያዝሁ። ያ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተለማመድሁት ትምህርት ቃል በቃል በራሴ ውስጥ ነበር። ተሸክሜአት ወጣሁ። ጎረቤታችን ባለ ታክሲው መኪናውን እያጠበ ነበር፤ ከነአረፋው ነዳው። በመንገድ ላይ ከንፈሯ መጉደል ጀመረ። «አያቴ፣ በኃይል ነው የምትተነፍሰው» አለችኝ። ለካ የሚያለከልከው እኔ ነበርሁ።

ለተረኛዋ ሐኪም የበላችውን በትክክል ነገርኋት፤ ኦቾሎኒ አልሁ። ማንንም አላታለልሁም።

መጋቢት ፲፯

ቁንጫ ወደ ቤት ተመልሳለች። ትጫወታለች፣ ትዘላለች። ሕፃን ይረሳል።

ምራቴ እኔ ባለሁበት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ለውዝ ስል ይሄንኑ ማለቴ እንደሆነ አላወቁም ነበር?»

«ለውዝ አልነበረም» አልኋት። «ኦቾሎኒ ነበር። ቃሉ...»

«እሺ» አለችና ተነሣች።

እውነት ነው የተናገርሁት። መዝገበ ቃላቱ ይመስክር።

መጋቢት ፲፱

ቁንጫ ዛሬ «አያቴ፣ ውኃ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ጠዋትም «ደህና አደሩ» ብላኛለች። ግሱ ሁሉ ትክክል ነው። አንድም አልሳተችም። እናቷ አስተምራት እንደ ሆነ ጠየቅሁ፤ አይደለም፣ ማንም አላስተማራትም።

ወር ሙሉ የደከምሁበትን አሁን ካገኘሁት በኋላ ለምን ራት እንደማይበላልኝ አይገባኝም።

መጋቢት ፳፩

ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ልሰማ ብዬ አይደለም።

«ሁለት ክፍል ቤት አይቻለሁ» ትላለች ምራቴ። «ጠባብ ነው፤ ግን በሩን እኔ ነኝ የምዘጋው።»

«አባባን ብቻቸውን ጥለን?»

«አውቀው ነው ያደረጉት አልልም። ሳያውቁ ነው ካሉኝ ግን ነገም ሳያውቁ ያደርጉታል። እንዴት ብዬ ልመናቸው?»

ልጄም፦ «እሳቸው ከተሳሳቱ መዝገበ ቃላቱ ነው የሚታረመው» አለ። ሳይስቅ።

ካፖርቴን ሌላ ቦታ ሰቅያለሁ። የኪሱን ጥራጊ ከሰፈር ውጭ አራገፍሁ፤ እጄን ታጠብሁ።

መጋቢት ፳፫

የመጽሐፏ የመጨረሻ እርማት ወረቀት ከማተሚያ ቤት መጣ። ነገ ወደ ማሽን ይገባል። እህቴ ልትጠይቀን መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ መነጽሬን ቀማችኝና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«"ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ፣ ሐኪሙ መርምሮ ከፈቀደለት፣ ለውዝ ሊበላ ይችላል።" እንዴ ወንድም ጋሼ! ታዲያ ለውዝ ይበላል ካለ ያቺን ልጅ ምን አጣደፋት?»

«ለውዝ የሚለው ያንን አይደለም» አልኋት። «የዛፉን ነው።»

«የምን ዛፍ? ለውዝ ለውዝ ነው። ያ ከማዕዘኑ የሚጮኸው። ይሄን የሚያነብ ማን መሰለህ፣ እንዳንተ ያለ ሊቅ? እንደኔ ያለችው ናት! እንኳን የዛፉን ለውዝ ልቀምስ፣ ዛፉንም አይቼው አላውቅ።»

ወረቀቱን ተቀበልኋት። ዓረፍተ ነገሩን እንደ እህቴ ሆኜ ደግሜ አነበብሁት። የእኔ እርማት ነበር። አንድም ስሕተት የለበትም።

ሌላም ገጽ አነበብሁ፤ ነጥቡን ብቻ አይቼ ያለፍሁትን። ከእስያ ወደ አውስትራሊያ ከሄዱት ልጆች ይልቅ፣ ከእስያ ወላጆች እዚያው አውስትራሊያ በተወለዱት ላይ እንዲህ ያለው ቁጣ ይበዛል ይላል። ዘሩ አንድ ነው፤ የተወለዱበት አገር ግን ይለያያል። ከእርሱ በታች ሐኪሟ እንዲህ ብላለች፤ «ያልተቆጠረ ሁሉ የለም ማለት አይደለም።» ድርብ ሰረዝ አስገብቼበት ነበር። ስለ ቁንጫ እንደሚናገር አላየሁም።

መጋቢት ፳፬

ማተሚያ ቤቱ ሳይከፈት በር ላይ ቆምሁ። የማሽኑ ኃላፊ ያውቀኛል።

«አቁመው» አልሁት። «ስሕተት አለበት።»

«የእርስዎ ፊርማ እኮ ነው ያለበት፣ መምህር።»

«ስሕተቱም የእኔ ነው።»

ሐኪሟ ተጠርታ መጣች። «ኦቾሎኒ» በተባለበት ሁሉ «ለውዝ (ኦቾሎኒ)» እንዲባል፣ የዛፉም ፍሬ ወደ «አልመንድ» እንዲመለስ ነገርኋት። «አለርጂ»ንም መልሽው አልኋት። እጇን ከአፏ አወረደች።

«መምህር፣ ሕዝቡ እንደዚህ እንደሚለው መቼ ሰሙ?»

የሚመቸው መልስ «ትናንት» የሚል ነበር። እህቴ አነበበችልኝ ብል የሚጠራጠረኝ አልነበረም።

«ሁልጊዜም አውቅ ነበር» አልኋት። «ለልጅ ልጄ ያበላሁትን ከአዟሪው የገዛሁ ዕለትም ለውዝ ብሎ ሲጠራው ሰምቼ ነው የገዛሁት።»

ሐኪሟ ወረቀቱን ብቻ ተመለከተች። የማሽኑ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ የሌለ ብሎን አጠበቀ።

መጋቢት ፳፭

ምራቴ ከሥራ እስክትመለስ ጠበቅሁ። ማዕድ ቤት ቆማ ሩዝ ትለቅም ነበር። ቆሜ ተናገርሁ፤ ወንበር አልፈለግሁም።

«ጠይቀሽኝ የነበረው። አውቅ ነበር። ለውዝ ስትዪ ምን ማለትሽ እንደ ሆነ አውቅ ነበር። በሽታው የሌላ ሰው አገር በሽታ መስሎኝ ነበር። በእኔ ቤት የእኔ ቃል የሚበልጥ መሰለኝ።»

ሩዙን መልቀም አላቋረጠችም። ካለቀላት በኋላ እጇን ጠረገች።

«እንደሚያውቁ አውቅ ነበር» አለች። «በአፍዎ ይሉት እንደሆነ ነበር የማላውቀው።»

«አሁን ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አለች፤ የእኔኑ ቃል። ከዚያም፦ «አባባ፣ ዛሬ ይቅር አልኩ ብዬ አልዋሽዎትም። ቤት መፈለጉን ለጊዜው አቆማለሁ። ልጄን ግን ከእርስዎ ጋር ብቻዋን አልተውም፤ እኔ ይበቃል እስክል ድረስ።»

«ይገባል» አልሁ።

«መርፌውንም ያሳዩኛል። በባዶው።»

አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አረመችኝ። አውራ ጣት በጫፉ ላይ አይደረግም፤ ለካ ያን ቀን እግዚአብሔር ጠብቆኛል።

ሚያዝያ ፪

መጽሐፏ ወጣች። ሽፋኗ ብጫ ነው፤ አማርኛዋ መካከለኛ ነው፤ ሁሉም ሰው ይረዳታል። ጀርባዋ ላይ ሐኪሟ ለአራሚው ምስጋና ጽፋለች። ምስጋናው እንዲቀር ጠይቄ ነበር፤ አልሰማችኝም።

ምራቴ በተቀመጠችበት ቁንጫ መጣችና መዝገበ ቃላቱ ላይ ተደገፈች።

«ምን እየጻፍክ ነው?» አለችኝ።

እናቷ ቀና አለች። እኔ አላረምሁም።

«ለውዝን እየጻፍሁ ነው» አልኋት።

«የዛፉን ነው የመሬቱን?»

«ሁለቱንም።»

ዕድሜዬ የደረሰ ስለ ሆነ፣ የማወርሰውን በግልጽ አስፍሬ ልዝጋ። ቤቱ ለልጄ በሕግ ይደርሰዋል፤ መጻፍ አያስፈልግም። መዝገበ ቃላቱን እስከ ደረስሁበት ድረስ፣ ከቀይ እርሳሱ ጋር፣ ለልጅ ልጄ እተዋለሁ፤ እኔን «አንተ» ማለቷን ግን በእርሳሱ እንዳታርመው። «ለውዝ» የሚለውን ቃል እርሷ በምትለው ፍቺ ለምራቴ ሰጥቻለሁ። ስሕተት ነው ብዬ የጻፍሁት ተሰርዟል፤ በምትኩ እንዲህ ይነበባል፦

ለውዝ፦ ፩ኛ፣ በዛፍ ላይ የሚያፈራ ቅርፊተ ደረቅ ፍሬ። ፪ኛ፣ ኦቾሎኒ። ወደዚህ ቤት አይግባ!!!